ምንም ያልሆነው ፎም

(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለህ፣ ስለ ሙያህ ተናገር» ሲለኝ በርዕሱ ብዙም አላመነታሁም። ከእኔ በፊት የተነሡት ጓደኞቼ ስለ ግድብና ስለ ባንክ ሥርዓት ተናግረዋል። እኔ የማወራችሁ ስለ ፎም ነው። አዎ፣ ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ካርቶኑን ስትከፍቱ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ የሚወጣው፣ ልጆች ሲፈረፍሩት ሳሎኑን በረዶ የዘነበበት የሚያስመስለው ነጩ ነገር። ሳቃችሁ ይገባኛል። እኔም ሃያ ምናምን ዓመት በኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስነት ስሠራ ፎም ለእኔ ዕቃው ከወጣ በኋላ የሚጣል ነገር ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ እዚሁ ግቢ ውስጥ የተከፈተ አንድ ሳጥን ነው።

ታሪኩን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግማሹን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሰባት ዓመት በፊት አሜሪካ ያለን የዚህ ፋኩልቲ ተመራቂዎች ለኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪው መሣሪያ ለመላክ ተሰባሰብን። በእኛ ጊዜ ስድስት ተማሪ አንድ ኦሲሎስኮፕ ይከብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ፕሮቡን የያዘ ዕድለኛ ነው፣ ሌላው በትከሻ ላይ ያያል፤ ሪፖርቱን ግን ሁሉም እኩል ይጽፋል። ነገሩ ብዙም እንዳልተለወጠ ስንሰማ አሥራ አራት ያገለገሉ ኦሲሎስኮፖችና ስድስት ፓወር ሰፕላዮች አገኘን። ለማጓጓዣው ገንዘብ አዋጣን። ከመካከላችን ሁለት ሥራ ይሠሩ የነበሩ፣ ታክሲ የሚነዱም ነበሩ፤ ያዋጡት ብር ተርፏቸው አልነበረም። ይህን የምለው ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ማሸጉን እኔ ወሰድኩት። መሐንዲስ አይደለሁ? አንድ ቅዳሜ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ለግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚሆን ሰማያዊ የፎም ሰሌዳ ገዛሁ። ጋራዤ ውስጥ በቢላዋ እየቆረጥን እያንዳንዱን መሣሪያ ከስድስቱም ጎን ከበብነው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት አልተውንም። ቡና ተፈልቶ ነበር፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። አንዱ ጓደኛችን የታሸገውን ሳጥን በእጁ መታ መታ አድርጎ «ይኼ ከሰማይ ቢወድቅም አይሰበርም» አለ። እኔም አመንኩት።

ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ደረሰ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሽቅብ ወጣ። በአራተኛው ወር የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ደወሉልኝ። ስማቸውን እንዳልጠራ ነግረውኛል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ብየዳ ያስተማሩን እሳቸው ስለሆኑ ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

«ጋሼ፣ ዕቃው እንዴት ደረሰ?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ፎሙ ምንም አልሆነም» አሉኝ።

ከአሥራ አራቱ አምስቱ ተሰብረዋል። የሁለቱ የስክሪን ቱቦ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። የሁለቱ ትራንስፎርመር ከተበየነበት ተነቅሎ ካርዱ ላይ ተኝቷል። የአንዱ የፊት ገጽ ከነማዞሪያዎቹ ገብቷል። የላኩልኝን ፎቶ ሳየው በጣም የገረመኝ ግን ሰማያዊው ሰሌዳ ነበር። ጠርዙ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ጭረት የለበትም፣ ተመልሶ መደብር ቢገባ ይሸጣል።

ለአዋጪዎቹ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ «በአጓጓዦች ቸልተኝነት ጉዳት ደርሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ዛሬ የመጣሁት አንዱ ምክንያት እሱን ለማረም ነው።

ሪፖርቱን ከላክሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፎቶውን በመሥሪያ ቤቴ የማሸጊያ ፍተሻ ክፍል ለምትሠራ ባልደረባዬ አሳየኋት። አጓጓዦቹን ትረግምልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ የመሣሪያው ክብደት ስንት ነው? ፎሙ ላይ ያረፈው ስፋትስ? ነገርኳት። ወረቀት ላይ አካፈለችና ፎቶውን መለሰችልኝ። «ይኼ ፎም ሥራ አልሠራም» አለችኝ።

እዚህ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በቃል ልሞክረው።

ዕቃን የሚሰብረው መውደቁ ሳይሆን አቋቋሙ ነው። ከ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ማለትም አንድ ሰው በሁለት እጁ ከተሸከመው ቦታ ያመለጠ ሳጥን ሲሚንቶ ላይ አርፎ በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቀጥ ካለ፣ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ የራሱን ክብደት 375 እጥፍ ይሸከማል። በባለሙያው ቋንቋ 375 ጂ ነው። ያው ሳጥን በ25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም 30 ጂ ብቻ ይሆናል። የከፍታው ለመቆሚያው ርቀት ማካፈል ነው፤ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ። ፎም የሚሰጠን ነገር ያ ርቀት ነው፣ የሚሰጠን ደግሞ ተጨፍልቆ ነው። ካልተጨፈለቀ ሰማያዊ ሲሚንቶ በሉት።

የእኔን ኦሲሎስኮፕ እንውሰድ። 12 ኪሎ ይመዝናል፣ ታችኛው ገጹ 30 በ40፣ ማለትም 1,200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ያ የሕንፃ ሰሌዳ መጨፍለቅ የሚጀምረው በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር በግምት 17 ኒውተን ሲያርፍበት ነው። ጣራና ወለል እንዲሸከም ነው የተሠራው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በ1,200 ስታባዙት ከ20,000 ኒውተን ያልፋል። 12 ኪሎ ዕቃ ያን ያህል ኃይል የሚፈጥረው ወደ 170 ጂ ሲደርስ ነው። በድሮዎቹ የማሸጊያ መመሪያዎች ሠንጠረዥ ላይ ቴሌቪዥን ከ60 እስከ 85 ጂ ይችላል ተብሎ ተመድቧል፤ ለስለስ ያሉ የመለኪያ መሣሪያዎች ከዚያ በታች ናቸው። ስለዚህ ፎሙ እሺ ብሎ ከመጨፍለቁ በፊት ትራንስፎርመሩ ተነቅሏል።

እሺ፣ ነጩን ፎም ብጠቀምስ? በአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ የሚመዝነው የተለመደው ነጭ ፎም በካሬ ሳንቲ ሜትር 10 ኒውተን አካባቢ መጨፍለቅ ይጀምራል። ሙሉውን ገጽ ብደግፍበት 12,000 ኒውተን፣ ማለትም 100 ጂ። አሁንም ብዙ ነው። አሁን ግን ፎሙን ከመሃል አውጥቼ በአራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ 10 በ10 የሆኑ አራት ቁራጮች ላስቀምጥ። የሚያርፍበት ስፋት 400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ሆነ። መጨፍለቁ በ4,000 ኒውተን ይጀምራል፤ ያ 34 ጂ ነው። እየተጨፈለቀ ሲሄድ ይጠነክራልና 50ም 60ም ሊደርስ ይችላል። ቢሆንም ፎሙን ሁለት ሦስተኛውን ጥለን መሣሪያውን አዳንነው ማለት ነው።

ይህን ስሰማ ለጊዜው አልዋጥልሽ ብሎኝ ነበር። «ሲጠብቅ ይሻላል፣ ሲበዛ ይሻላል» የሚለው ነገር በደማችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሻንጣ ስናስር አይታችሁናል አይደል? በርግጥ ተቃራኒውም ጥፋት ነው። ማዕዘኖቹን የክብሪት ቀፎ ካሳከላችኋቸው ፎሙ ተጨፍልቆ ያልቅና ዕቃው ወለሉን ያገኘዋል። የፎም አምራቾች ለእያንዳንዱ ዓይነትና ውፍረት ግራፍ ያወጣሉ። ቅርጹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ግራ ጠርዙ ላይ ፎሙ በዛ፣ ቀኝ ጠርዙ ላይ ፎሙ አነሰ፣ የሚፈለገው ሆዱ ነው። ያ ግራፍ እያለ በግምት መቁረጥ፣ እንደ እኔ ላለ የተማረ ሰው፣ ያሳፍራል።

በነገራችን ላይ እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። እንቁላል ለገበያ ስታዘጋጅ ቅርጫቱ ውስጥ የጤፍ ጭድ ታነጥፋለች። እኔ ልርዳ ብዬ ጭዱን በጡጫ ስጠቀጥቀው እጄን መታ ታደርግና «አታጠንክረው፣ ይላላ» ትለኛለች። ያን ጊዜ ጭድ ቆጥባ መስሎኝ ነበር።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ነጩን ፎም ብዙ ሰው «ስታይሮፎም» ይለዋል። ስታይሮፎም ግን ዳው ኬሚካል ለዚያ ለሰማያዊው ሰሌዳ የሰጠው የንግድ ስም ነው፤ እኔንም መደብር ውስጥ ያሳሳተኝ ያ ነው። ሁለቱም ፖሊስታይሪን ናቸው። ሰማያዊው ቀልጦ በግፊት ተገፍቶ የሚወጣ ነው፣ ነጩ ደግሞ ፔንቴን የሚባል ጋዝ ያዘሉ ትናንሽ እንክብሎች በእንፋሎት ተነፍተው እርስ በርስ ሲጣበቁ የሚገኝ ነው። ከነጩ 98 በመቶው አየር ነው። እነዚያ ልጆቻችን የሚያፈነዷቸው ባለ አረፋ ፕላስቲኮች ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ ፊልዲንግና ሻቫን የተባሉ ሁለት ሰዎች የግድግዳ ወረቀት እንሠራለን ብለው ያገኙት ነገር ነው። ለግድግዳ የፈለገው አልነበረም። ሥራ ያገኘው አይ ቢ ኤም 1401 የተባለውን ኮምፒዩተር ለደንበኞቹ ሲልክ ለማሸጊያ ሲጠቀምበት ነው።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ሁለተኛውን ጭነት ስናዘጋጅ ነጩንም ተውነው። ነጩ ፎም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ለመጀመሪያው አወዳደቅ ጀግና ነው፣ ለሦስተኛው የለም። ከፋብሪካ ወጥቶ በአንድ መጋዘን አልፎ ቤታችሁ ለሚገባ ቴሌቪዥን ይበቃል። የእኛ ሳጥን ግን ከጋራዤ እስከዚህ ግቢ ስንት እጅ እንደሚያልፍ ቁጭ ብዬ ስቆጥር አሥራ አንድ ደረሰ፤ ቫን፣ መጋዘን፣ ኮንቴይነር፣ ወደብ፣ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ መኪና፣ ጉምሩክ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ተጨፍልቆ የሚመለሰውን የፖሊኢትሊን ፎም መረጥን። ሲነኩት ትንሽ ሰም ሰም የሚል፣ የሚተጣጠፍ ነው። ዋጋው ወደድ ይላል። አንዱ ጓደኛችን «ለሚጣል ነገር ይኼን ሁሉ?» ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ገና ሪፖርቱን አላረምኩም ነበርና ለምን እንደምጨነቅ ላስረዳው አልቻልኩም።

ሌላም ነገር አደረግን። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ መላክ ትተን ፓሌት ላይ አንድ ላይ አሰርናቸው። 15 ኪሎ ሳጥን ሰው ይወረውረዋል። 300 ኪሎ ፓሌትን የሚወረውር የለም፤ ፎርክሊፍት ይመጣለታል። ከባድ የሆኑትን ተነቃይ ካርዶች ከመሣሪያዎቹ አውጥተን ለየብቻ ጠቀለልን። ለዚህ ጭነት ካደረግነው ሁሉ ርካሹና ምናልባትም ጠቃሚው ፓሌቱ ነው።

ሃያ ሁለት መሣሪያ ላክን። ሃያ ሁለቱም ሳይሰበሩ ደረሱ። ጋሼ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ራሱ ሌላ ነበር። በሳምንቱ እንደገና ደወሉ። አንዱ ሲከፈት ይበራል፣ ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ ግን ምንም አይለካም። ካርዱን አገላብጠው አዩት፤ ጭረት የለውም።

ይህኛውን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብን። ለየብቻ ጠቀለልን ካልኳችሁ ካርዶች አንዱን፣ ልዩው ከረጢት ሲያልቅብን፣ በተራው ነጭ ፎም መካከል አስገብተነው ነበር። ነጭ ፎም ሲታሽ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ፍርፋሪው እጃችሁ ላይ ተጣብቆ አልራገፍ የሚለው ለዚያ ነው። የሰው ጣት ብልጭታው የሚሰማው ከ3,000 ቮልት ገደማ ጀምሮ ነው፤ አንዳንድ ቺፖች ግን ከ100 ቮልት በታችም ይጎዳሉ። ስለዚህ እኛ ምንም ሳይሰማን ሊሞት ይችላል። በካርዱ ላይ የደረሰው ይኸው ነው ብዬ ላቦራቶሪ ውስጥ አላረጋገጥኩም፤ ሌላ ምክንያት ግን አላገኘሁለትም።

ወጣቶች፣ ቀለሞቹን ልብ በሉልኝ። ሮዝ ፎምና ሮዝ ፕላስቲክ ክፍያ እንዳያጠራቅም መድኃኒት የተጨመረበት ነው። መድኃኒቱ በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ደግሞም የሚሠራው ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ስለሆነ በደረቅ ቦታ ይዳከማል። ታኅሣሥና ጥር ላይ እዚህ ከተማ ሹራብ ስታወልቁ የሚንጣጣውን ታውቃላችሁ። ጥቁሩ ካርቦን ያለበት ነው፣ ክፍያውን ያስተላልፋል፤ የቺፕ እግር የሚተከልበት እሱ ነው። ከውጭ ከሚመጣ ብልጭታ የሚከልለው ግን በብር ቀለም የተለበጠው ከረጢት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ ካርዱ መጀመሪያ በከረጢቱ፣ ከዚያ በፎሙ። እኛ ከረጢቱን ዘለልነው።

ስለ ከፍታችንም ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ወደብ ላይ የታሸገ ባለ አረፋ ፕላስቲክ እዚህ ሲደርስ ይወጠራል፣ ያብጣል። ሳጥኑን ጢም አድርጋችሁ ከሞላችሁት ካርቶኑ ሆዱ ተነፍቶ ይመጣል። አንድ ጊዜ ጉምሩክ ላይ «ውስጡ ምን አለ?» አስብሎናል።

ስፖንጅስ? ፍራሽ ውስጥ ያለው ፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ለአጭር መንገድና ለቀላል ዕቃ ጥሩ ነው። ግን ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑ ኮንቴይነር ውስጥ በቀንና በሌሊት ሙቀት ልዩነት የሚያልበውን ውኃ ይጠጣል። ሲያረጅ ደግሞ ይቀልጣል። መምህራን፣ መጋዘናችሁ ውስጥ ባለ ስፖንጅ ሣጥን የተቀመጡ አሮጌ መሣሪያዎች ካሏችሁ ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩልኝ። ስፖንጁ እንደ ሬንጅ ተጣብቆባቸው ልታገኙ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው።

ውጭ ላላችሁ ጓደኞቼ፤ በሚቀጥለው ዙር የምትሰጡትን መሣሪያ እባካችሁ ቤታችሁ አትሸጉት። ክብደቱንና የአራቱን ማዕዘን ልኬት ብቻ ላኩልኝ፣ ዕቃውን በመኪናችሁ የኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አምጡት። በልብስ መሃል በሻንጣ የምትልኩትን ላፕቶፕ አላወራም፤ እሱ የእናንተና የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው።

ለፋኩልቲው ደግሞ፤ ፎሙን አትጣሉት። ለካሊብሬሽን ወይም ለጥገና ወደ ውጭ የምትልኩት መሣሪያ የሚመለሰው በመጣበት ፎም ነው። ያ ቅርጽ ለእሱ ክብደት ተሰልቶ የተቆረጠ ነው፣ መንገድ ላይ ገዝታችሁ አትተኩትም። ከነሳጥኑ ቁጥር ጻፉበትና አስቀምጡት። ቦታ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ መጋዘኑን ትናንት አይቼዋለሁ፣ ግማሹን የያዘው በእኛ ጊዜ የተሰበረ ወንበር ነው። የተሰባበረውንና የማይጠቅመውን ነጭ ፎም ግን እባካችሁ ከግቢው ቅጠል ጋር አታቃጥሉት። ጥቁር ጭሱ ይጎዳል፣ የሚያቃጥለው ደግሞ ምንም ያላጠፋው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። የሲቪል ምሕንድስና ክፍል አስቦበት ቀላል ብሎኬት ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ በሌላ አገር ይሠራል። እናንተም ትሞክሩት ዘንድ ጥያቄውን እተውላችኋለሁ።

ያ ሪፖርት፤ ትናንት ማታ ለአዋጪዎቹ ሁሉ የተስተካከለውን ልኬያለሁ። «በአጓጓዦች ቸልተኝነት» የሚለው ወጥቶ «አሻጊው የፎሙን ዓይነትና ስፋት ባለማስላቱ» የሚል ገብቷል። አሻጊው እኔ ነኝ። አምስት ኦሲሎስኮፕ ማለት በአንድ ሴሚስተር ስንት ተማሪ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼን አንድ ነገር ለምኛቸዋለሁ። ሳጥን ሲከፍቱ ከመሣሪያው በፊት ፎሙን ፎቶ አንሥተው ይልኩልኛል። ያለፈው ወር የመጣው ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፤ ከሻይ ሰዓት በኋላ ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ። የግራ የኋላ ማዕዘኑ ፎም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገብቶ እንደዚያው ቀርቷል፣ ጠርዙ ተቀዷል። የት እንደወደቀ፣ ከማን እጅ እንዳመለጠ አናውቅም። ከጀርባው ኦሲሎስኮፑ ጠረጴዛ ላይ በርቶ ይታያል፤ ሁለት ተማሪዎች ፕሮቡን ለመያዝ ይሻማሉ።